በሁለት ሐዲድ መሃል

ባቡሩ ደጅ ይቀራል፣ አዳማን ሳይነካት፣
እንደ አዲስ አማች፣ «ግባ» እስኪሉት፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲያያት።
ጣቢያው ሰፊ ነው፤ ወለሉ መስተዋት፣ ጣሪያው ሩቅ፣
እርግብ ብቻ ናት ከነልጆቿ የምትኖርበት ሳትሳቀቅ።
የቀረነው ደርሰን እንሄዳለን።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ እኔ ነኝ።
ሦስት ጎማ፣ አንድ መሪ፣ የተጣፈ ሸራ ጣሪያ፣
ከአዲሱ ባቡር እስከ አሮጌው፣ ከአሮጌው እስከ መናኸሪያ፤
ካርታ ላይ አልተጻፍኩም እንጂ፣ እኔው ነኝ መቀየሪያ።

በሩ ሲከፈት ሰው ይፈሳል።
ከድሬዳዋ የመጣች እናት፣ የራጅ ፖስታ እንደ ጡት ልጅ የታቀፈች፣
ፀሐይ እንዳይነካው ብላ በነጠላዋ የሸፈነች፤
ሻንጣውን ትራስ አድርጎ፣ ቆሞ እንቅልፍ ያሸለበ ወታደር፣
ጫማው የወደብ ጨው የነጣ፣ ከጅቡቲ የተመለሰ ሾፌር፤
ሦስት ዶሮ በዘንቢል ይዞ፣
ለዶሮዎቹ «ደረስን፣ ደረስን» የሚል ሽማግሌ።
ሁሉም እኔን ያያሉ።
«መናኸሪያ ስንት ነው? የአሰላ መኪና ይኖራል? መሸብን እንዴ?»

«አሰላ ካልክ ፍጠን፤ ወንጂ ካልሽ ታክሲ ሞልቷል፤
ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ… ግቢ እናቴ፣ ሂሳቡ ኋላ ይደርሳል።»

አንድ ማታ ኢብሳ የሚባል ኢንጂነር ጫንኩ፣ ጃፓን ተምሮ የመጣ፤
ዝናብ ይዞን ድልድይ ሥር ቆመን፣ ወሬ በወሬ ወጣ።
«እዚያ» አለኝ «ከምድር በታች ሌላ ምድር አለ፤
ከባቡር ሥር ባቡር ይሄዳል፣ ከእርሱም ሥር ሌላ አለ።
ሰው እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ ትከሻ ትከሻን ሳይገፈትር፣
ወለሉ ላይ ቀስት ተስሏል፤ ቀይ ከሆንክ በቀዩ፣ ሰማያዊ ከሆንክ በዚያ ብረር፤
ማንም ማንንም አይጠይቅም።»
«ማንም?» አልኩት።
«ማንም።»
መጥረጊያዬ ተሰብሮ ነበር፤ መስተዋቱን በእጄ ጠረግሁት።
«የእኛ ቀስት አገጭ ነው» ብዬ፣ ወደ ከተማው አመለከትኩት።
ሳቀ። ሲወርድ ግን
ዝም ብሎ አሥር ብር ጨመረ።

አባቴ ወርዶፋ፣ በአሮጌው ጣቢያ፣ ሐዲድ ቀያሪ ነበር፤
ብረት እጀታ እየሳበ «በዚህ ሂድ» ይለው ነበር ባቡር።
ሊቶሪኗን በድምጿ ይለያል፣ ገና ከሩቅ ሳትታይ፣
ሼፍ ደጋሩ ኮፍያውን ሳያነሳ፣ እርሱ ቆሟል ቦታው ላይ።
ዛሬ ያ ሐዲድ ልብስ ይሰጣበታል፣ ፍየል ያመሰኳበታል፤
የእጀታው ዛገት ግን እስካሁን መዳፉ ላይ ቀርቷል።

እሁድ ዕለት በባጃጄ፣ አዲሱን ላሳየው ወሰድኩት፤
ከዘራውን ተክሎ፣ ሐዲዱን ዝም ብሎ ሲያይ፣ ዝም አልኩት።
ጎንበስ አለ። በስንዝሩ ለካው፤ ስንዝሩ አልደረሰለትም።
«ሰፍቷል።»
«አዎ፣ ሰፍቷል።»
«እጀታው የት አለ?»
«በኮምፒውተር ነው፣ አባዬ።»
«ማን ይስበዋል ታዲያ?»
«ማንም።»
«ማንም?» አለኝ፣
ልክ እኔ ዝናብ ውስጥ እንዳልኩት።

ባቡሩ ገባ። ጭስ የለው፣ ፉጨቱም አጭር።
ሰው ፈሰሰ፤ ሁሉም ሻንጣ፣ ሁሉም ችኮላ፣ ሁሉም ግር።
አንዲት ልጅ፣ ከእኔ አልፋ፣ ከነከረጢቷ አባቴ ፊት ቆመች፦
«አባባ፣ መናኸሪያው በየት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ቀና አለ። ከዘራው ከመሬት ተነሣ።
አገጩን ወደ ከተማው አዞረ፣ ቀስ ብሎ፣
ስንት ፉርጎ የተከተለው ይመስል።

ባጃጇ ሞላች። አባቴ ከፊት፣ ግማሽ መቀመጫ ላይ ከእኔ ጋር፣
የልጅቷ ከረጢት ጭኑ ላይ፣ አንድም ቃል ሳይናገር።
መንታ መንገዱ ላይ ስንደርስ እጄን ነካና
«በዚህ» አለኝ።

በዚያ በኩል መንገዱ ከተቆፈረ ወር ሆኖታል።
አውቃለሁ።
ታጠፍኩ።